ቀጭን የሞተር ዘይት ለየትኛው መኪና?

ከየካ ወደ እንጦጦ ዳገት ወተት፣ አትክልትና መኖ ለሚያመላልሱ መኪኖች ምን ዓይነት ዘይት እንደሚስማማ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

በጣሳው ላይ ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ከኋላው ያለው ደግሞ በሞቀ ሞተር ውስጥ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ሲንቴቲክ ማለት ግን ቀጭን ማለት አይደለም፤ ሲንቴቲክ ሆኖ ወፍራም የሆነም አለ።

ቀጭን ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወደ ሞተሩ ክፍሎች ቶሎ ይደርሳል፤ ነዳጅም በመጠኑ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ብርድ 20 ደብልዩ 50 ዘይትን እንኳ የሚያረጋ አይደለም። ይልቁንም ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተር ይግላል፤ የጋለ ዘይትም ይቀጥናል። ለወፍራም ዘይት የተሠራ ወይም ያረጀ ሞተር ቀጭን ዘይት ሲሞላበት የዘይቱ ግፊት ይቀንሳል፤ ብረትም ከብረት ይፋተጋል። ለ0 ደብልዩ 20 በተሠራ ሞተር ላይ ደግሞ ወፍራም ዘይት ነዳጅ ያስበላል።

ስለሆነም፦

1. የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ወይም የዘይት መሙያውን ክዳን ይመልከቱ።
2. መመሪያው ለከባድ ሥራ ወፈር ያለ ዘይት የሚፈቅድ ከሆነ ለዳገት እርሱን ይምረጡ።
3. በየሳምንቱ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ይዩ።
4. ዘይት ሲለውጡ ፊልትሮውንም ይለውጡ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለታገደ፣ በእጅ ያለውን ሞተር በሚገባ ጠብቆ ማቆየት ያስፈልጋል።