የተሸፈነ ጉድለት
የኤሌክትሪክ መኪናችን ባትሪና የንግድ አማና

ዕቃ ሲገዛ ዓይን የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ውስጡን የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ከሻጩም በላይ አላህ (ሱ.ወ.) ያውቀዋል። ይህንን በገዛ ቤታችን ደርሶ አየነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። እኛም ገንዘብ አዋጥተን 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት ያገለገለች መኪና ገዛን። ሻጩ «ባትሪዋ እንደ አዲስ ነው» አለን፤ አመንነው።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ስንነዳት እንከን አልታየባትም። አንድ ቀን ግን ዘመድ ልንጠይቅ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ወደ ደባርቅ ወጣን። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ቻርጅ ይዘን ተነሥተን ስንደርስ የቀረን 20 በመቶ ብቻ ነበር። ዘመዶቻችን ቤት ሌሊቱን ቻርጅ አድርገን በማግሥቱ ተመለስን።

ወደ ጥገና ማዕከል ስንወስዳት «ዳገቱና ብርዱ ነው» አሉን። ዳገትም ብርድም ኃይል እንደሚበሉ እውነት ነው። ሆኖም ተቀምጠን ብናሰላው አልገጥም አለን። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ያንን ያህል ለመውጣት የምትፈልገው 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የመንገዱን ርቀት፣ ጠመዝማዛውንና ብርዱን ብንጨምርበት እንኳ ሁሉም ከ30 አይዘልም። የእኛዋ ግን ወደ 48 የሚጠጋ ጨርሻለሁ አለች። ታዲያ የቀረው የት ገባ?

ሁለተኛ ስንሄድ «ባትሪው በሙሉ ይቀየር» ተባልን፤ ዋጋው የመኪናዋን ግማሽ ያህል ነው። እኛም «ምርመራው በጽሑፍ ይሰጠን» አልን። በሦስተኛው ምልልስ ሴሎቹ በየተራ ተለኩ፤ የደከሙት ጥቂቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። ባትሪ በሰንሰለት የተያያዙ የብዙ ሴሎች ስብስብ ነው። እንደ ቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት የሚሄደው በደካማዋ በቅሎ እርምጃ ልክ ነው። የደከመው ክፍል ብቻ ተለወጠና መኪናዋ ባትታደስም ተሻላት።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በጭንቀታችን ሰዓት፣ አንድ ወዳጃችን «ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ከከተማ ለማይወጣ ሰው ሽጧት፤ ማን ያውቃል?» ብሎን ነበር። አንደብቅም፣ ልባችን አመነታ። በእኛ ላይ የተሠራውን በሌላው ወንድማችን ላይ ልንሠራው ነበር!

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። ባትሪውም ያው የእህል ክምር ነው። በሸሪዓችን ጉድለቱ ተሸፍኖ የተሸጠለት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው።

ውድ አንባብያን፣ ከደረሰብን የተማርነውን እናካፍላችሁ፦

ሀ/ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪው አቅም በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በወረቀት ይሰጣችሁ።

ለ/ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና የፋብሪካ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላልና ዋስትናውን ማን እንደሚፈጽም በውል አስጽፉ። ሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍና ስንገበያይ ምስክር እንድናቆም ያዘናል።

ሐ/ ደረሰኝ ያዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ ማግኘትን የሸማቹ መብት አድርጎ ደንግጓል።

መ/ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟልና በልምድ ብቻ ለሚሠራ ጋራዥ እንዳታስከፍቱት፤ ሕይወት ያጠፋል።

የምርመራውን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አስቀምጠነዋል። መኪናዋን የምንሸጥበት ቀን ቢመጣ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው፣ ኢንሻ አላህ። ዋጋዋ ይቀንስ ይሆናል፤ በረካው ግን አይቀንስም። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።