መጀመሪያ መዝገቡ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሙዚየም የገባ ጎብኚ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜ ነው። መስቀሉንም ብራናውንም እያየ «ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል። የሚያስጎበኙት አባት ይነግሩታል፤ እሱም «ኧረ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንደ እኔ በቅርስ ምዝገባ ሥራ ላይ ለከረመ ሰው ግን ዕድሜ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው «ተመዝግቧል ወይ?» የሚል ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ገዳሙን የሚሳለም ሰው ታሪኩን ከመነኮሳቱ ይሰማል። ቦታው ድሮ ደሴት እንደነበረና በኋላ ከየብስ እንደተገናኘ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጥተው ትምህርት ቤት እንዳደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ እንደተማሩ፣ የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ እንደነበረው ይነገረዋል። እኔ የማተኩረው በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በላያቸው ከተጻፈ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሥዕል አለው፤ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስልም አለበት። ስለ ወንጌሉ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ሥዕሉ ነው። የእኔ ልብ ግን የሚሄደው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወደተጻፈው ዝርዝር ነው፤ የገዳሙ መጻሕፍት በስማቸው ተቆጥረውበታል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እዚህ ሐይቅ ዳር የእኔን ሥራ የሠራ ሰው ነበረ ማለት ነው። የሚጽፍበትንም ቦታ ያውቅ ነበር። ወንጌል ማንም ደፍሮ የማይፍቀው፣ ከቤተ መቅደሱ መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚፈራ ነው። የርስትና የስጦታ ውል ብዙውን ጊዜ በወንጌል ላይ ሲጻፍ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዛሬው የምዝገባ ቅጽ ከዚያ ዝርዝር የሚለየው በጥቃቅን መረጃው ነው። ብራናው ከማኅደሩ ወጥቶ ንጹሕ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ጥራዙ ይቆጠራል፤ ገጹ ባለ ስንት ዓምድ፣ ዓምዱ ባለ ስንት መስመር እንደሆነ ይያዛል። ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቶ ከሆነ ስፌቱም ይጻፋል፤ ቆይቶ መጽሐፉን ከመንታው ለይቶ የሚያሳውቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባሳ ነው። የጧፍ ሰም የነጠበበት፣ አይጥ የቀመሰው ጠርዝ፣ ውኃ ያፈሰሰው ቀለም፣ ሁሉም በየገጹ ይመዘገባል። የመዝገብ ቁጥሩ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም። ቆሞ የሚያየን ጎብኚ «ነጭ ጓንት የለህም እንዴ?» ይለኛል። ፊልም ላይ ያየውን ነው። የጨርቅ ጓንት የጣትን ስሜት ይወስዳል፣ የሳሳውን ጠርዝ ይይዝና ይቀድዳል። ለብራና ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ፎቶ ላይ ነው። አንድ አረጋዊ ዕቃ ጠባቂ ካሜራውን ሲያዩ የሚመዘገበውን መስቀል በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ልጄ፣ ይህን ማንሣት ለሌባ መንገድ ማሳየት አይሆንም?»

«አባታችን፣ ሌባውማ መንገዱን ድሮ ያውቀዋል። ፎቶው ለሚያስመልሰው ሰው ነው።»

ንግግሬ አላሳመናቸውም፤ ያሳመናቸው የላሊበላው የአፍሮ አይገባ መስቀል ታሪክ ነው። ያ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ነበር፤ በ2001 ተመለሰ። ያን መስቀል ዓለም ያውቀዋል፤ ተሸሽጎ ሊኖር የሚችል ዕቃ አልነበረም። መልኩ ያልተያዘ የገጠር ደብር መስቀል ቢሆን «የእኛ ነው» ለማለት እንኳ በምን ይታወቃል?

ወሎ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ራሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ሀብቱን እንዳጣ የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን እዚሁ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጦታል። የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ ለንደን ውስጥ እያንዳንዳቸው ቁጥርና ካታሎግ አላቸው፤ እዚህ የቀሩት ግን ብዙዎቹ የላቸውም። ይህ ሲታሰብ ያሳፍራል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ በገባ ጊዜም የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ መጀመሪያ የሚፈለገው «ምን ምን ነበረ?» የሚለው ዝርዝር ነው።

ሁሉም ነገር በቅጽ ይያዛል ግን አልልም። አምባሰል ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ያ ሁሉ ሕዝብ አምባውን የሚወጣለት ግማደ መስቀል፣ በትውፊቱ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሣጥን በሣጥን አድርገው ያኖሩት፣ ለዓይን አይቀርብም። «ቁመት» እና «ወርድ» የሚለው ሣጥን ለእሱ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ መሆኑም ትክክል ነው። የባለሙያ ድርሻ የሚታየውን መመዝገብ፣ የማይታየውን ለባለቤቶቹ መተው ነው።

ወደ ፎቶው ጉዳይ ልመለስ። አብራኝ የምትሠራው ባለሙያ ሴት ናት። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ እሷ ከበር ትቀራለች። ነገር ግን ወንጌሉን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና ማይክሮ ፊልም ሥራ ይህ ወንጌል ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል፤ የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከነበሩበት ቤተ መጻሕፍት። እሷ ያነበበችው ከፎቶው ነው። እኔ ገዳሙ ገብቼ ያላስተዋልሁትን የጸሐፊ ለውጥ ነግራኝ ታውቃለች። ፎቶ ምን ይሠራል ለሚሉኝ አባቶች አሁን አሁን የምጠቅሰው እሷን ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ያዝዛል። ብዙ ሰው ዕቃውን የሚሸሽገው «መንግሥት ይወስድብኛል» ብሎ ነው፤ ማስመዝገብ ግን ማስረከብ አይደለም፤ ዕቃው በባለቤቱ እጅ ይቆያል። እንግዲህ እናንተም ከአያት የወረደ ዳዊት፣ የአንገት መስቀል ወይም በእጅ የተጻፈ ቁርኣን በቤታችሁ ካለ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። እስከዚያው በስልካችሁ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡት፤ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ፤ ከማን እንደመጣ ጻፉና አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ዘመዳችሁ ላኩለት።