የመሥመር መጨረሻ የቱ ላይ ነው?

ስለ ጽሑፍ መፈለጊያ መሣሪያዎችና ስለ መሥመር ማብቂያ ምልክቶች

ብዙ ጽሑፍ ሰብስቦ የሚመረምር ተማሪ፥ የታሪክም ይሁን የቋንቋ ወይም የሕግ፥ ዛሬ ገጽ በገጽ እየገለጠ አይፈልግም። የሚፈልገውን ቃል ወይም የቃሉን መልክ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፤ መሣሪያውም በሺሕ የሚቈጠሩ ፋይሎችን በጥቂት ሴኮንድ አገላብጦ ያንን መልክ የያዙትን መሥመሮች ያወጣለታል። መሣሪያው አንዳች ነገር ያላገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ምንም ሳይናገር ዝም ይላል። ተማሪውም ዝምታውን «የለም» ብሎ ይተረጕመዋል፤ በመመረቂያ ጽሑፉም ላይ «ይህ አነጋገር በመረመርናቸው ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም» ብሎ ይጽፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው እንዲህ ያለው «የለም» ሐሰት የሚሆንበትን አንድ መንገድ ነው። ምክንያቱ ጥቃቅን ነገር ነው፤ በዓይን እንኳ አይታይም።

መሣሪያውን የምናዝበት ቋንቋ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» ይባላል። የሒሳብ መሠረቱን አሜሪካዊው ሊቅ እስቲቨን ክሌይኒ በ1956 ባሳተመው ጥናት ጣለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1968 ኬን ቶምፕሰን ይህን ረቂቅ ሒሳብ ለጽሑፍ ፍለጋ የሚያገለግል ዘዴ አድርጎ አቀረበው፤ በ1973ም ከዩኒክስ ሥርዐት ጋር «ግሬፕ» የተባለው መሣሪያ ወጣ። ስሙ ረዘም ስለሚል ከእንግዲህ «ንድፍ» እንለዋለን። በንድፍ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ያመለክታል፤ ነጥብ (.) ማናቸውንም አንድ ፊደል፥ የ^ ምልክት የመሥመርን መጀመሪያ፥ የ$ ምልክት የመሥመርን መጨረሻ ያመለክታል። እንግዲህ «።$» ብሎ የጻፈ ሰው «በአራት ነጥብ የሚያልቁትን መሥመሮች አምጣልኝ» ማለቱ ነው።

ልብ ይባል፤ የ^ እና የ$ ምልክቶች ፊደልን አያመለክቱም፤ ቦታን ነው የሚያመለክቱት። ታዲያ የመሥመሩ መጨረሻ የሚባለው ቦታ የት እንደ ሆነ የሚወስነው ማን ነው?

በወረቀት ላይ መሥመር ሲያልቅ ዓይናችን ያያል። በፋይል ውስጥ ግን መሥመር የሚባል ነገር የለም። ፋይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰልፍ የተደረደረ የቍጥር ተራ ነው፤ ከእነዚያም ቍጥሮች አንዱን ወይም ሁለቱን «እዚህ ላይ መሥመሩ አበቃ» ብለን የምንተረጕመው በስምምነት ነው። የችግሩም መነሻ ስምምነቱ አንድ አለመሆኑ ነው።

ስምምነቱ የተለያየበት ምክንያት ከቴሌፕሪንተር መኪናዎች ይጀምራል። በእነዚያ መኪናዎች አዲስ መሥመር ለመጀመር ሁለት ሥራ ያስፈልግ ነበር፤ አንደኛው የጽሕፈቱን ራስ ወደ ግራ ጠርዝ መመለስ (ካሪጅ ሪተርን)፥ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መሥመር ማሳለፍ (ላይን ፊድ) ነው። በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል ቍጥር ሰንጠረዥም ለመጀመሪያው 13ን፥ ለሁለተኛው 10ን ሰጣቸው። እኛ 13ን «መላሽ»፥ 10ን «አሻጋሪ» ብለን እንጠራቸዋለን። መላሹ ሁልጊዜ አስቀድሞ ይላክ ነበር። ቴሌታይፕ 33 የተባለው መኪና በሴኮንድ 10 ፊደል ሲጽፍ ራሱ ከቀኝ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ ለመመለስ ከአንድ ፊደል ጊዜ የበለጠ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ራሱ በመመለስ ላይ ሳለ አሻጋሪው ወረቀቱን ያሳልፋል፥ ጊዜም አይባክንም። የብረትን ዝግታ ለመሸፈን የተፈጠረ ብልኀት ብረቱ ከጠፋ በኋላ እስከ ዛሬ መኖሩ የሚያስገርም ነው።

ኮምፒዩተር ሲስፋፋ ሁሉም በየመንገዱ ሄደ። ዩኒክስ ከእርሱ በፊት የነበረውን የመልቲክስን ልማድ ተከትሎ በፋይል ውስጥ አሻጋሪውን ብቻ ማስቀመጥን መረጠ። በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ፥ ከእርሱም በኋላ ዊንዶውስ፥ ጥንዱን፥ ማለት መላሽንና አሻጋሪን፥ ያዘ። የማኪንቶሽ መኪናዎች በ2001 ወደ ዩኒክስ መሠረት እስኪዛወሩ ድረስ መላሹን ብቻ ይጠቀሙ ነበር።

አሁን ወደ «።$» እንመለስ። ጽሑፉ በዊንዶውስ ተጽፎ ፍለጋው በዩኒክስ ልማድ በሚሠራ መሣሪያ ተደረገ እንበል። መሣሪያው ሰልፉን በ10 ቍጥር እየቈረጠ መሥመር መሥመር ያደርገዋል። አሻጋሪው ይወገዳል፤ መላሹ ግን በእያንዳንዱ መሥመር ጫፍ ላይ እንደ ተራ ፊደል ቍጭ ብሎ ይቀራል። እኛ በዓይናችን ስናየው መሥመሩ የሚያልቀው በአራት ነጥብ ነው፤ ለመሣሪያው ግን የሚያልቀው በመላሽ ነው። ስለዚህ «።$» በዚያ ፋይል ውስጥ አንድም መሥመር አያገኝም። የስሕተት ማስታወቂያም የለም። ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ «ነው.$» ብለን «ነው» ከሚለው በኋላ አንድ ምልክት ያለባቸውን መሥመሮች ብንፈልግ፥ ነጥቡ መላሹን እንደ ማናቸውም ፊደል ስለሚቀበለው፥ ምንም ምልክት የሌለባቸውን መሥመሮች ያመጣልናል።

ከሁሉ የከፋው በእኛ አስተያየት ባዶ መልስ አይደለም፤ ጐደሎ መልስ ነው። ፋይሉ በሁለት ሰዎች፥ በሁለት ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ ግማሹ መሥመር በአሻጋሪ፥ ግማሹ በጥንድ ያልቃል። ፍለጋው ጥቂት ያመጣል። ፈላጊውም መሣሪያው መሥራቱን ስላየ አይጠራጠርም።

ለዚህ ችግር ሦስት ዓይነት መፍትሔ ሲሠራበት ቈይቷል። አንደኛው ሸክሙን በፈላጊው ላይ ይጥላል፤ ከ$ በፊት «መላሽ ቢኖርም ባይኖርም» የሚል ቃል በንድፉ ውስጥ እንዲጨምር ይመክረዋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ይበቃል። ዳሩ ግን መላሹ የተገኘው ቃል አካል ስለሚሆን፥ ቃሉን በሌላ ለመተካት የተነሣ ሰው መላሹንም ሳያውቅ ይሰርዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ቅልቅል ይሆናል፤ ከላይ የጠቀስነውን ጐደሎ መልስ በገዛ እጁ ለሚቀጥለው ፈላጊ አዘጋጀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍለጋው ሳይጀመር መላሾችን ማስወገድ ነው። ለኤምኤስ ዶስና ለዊንዶውስ የተዘጋጁት የቀድሞዎቹ የግኑ ግሬፕ ቅጂዎች ይህን ያደርጉ ነበር። የዚህ ጕድለቱ በአድራሻ ላይ ነው፤ መሣሪያው «ቃሉ ከፋይሉ መጀመሪያ በዚህን ያህል ባይት ርቀት ይገኛል» ሲል በእያንዳንዱ መሥመር አንድ አንድ ቍጥር ስለሚጐድል አድራሻው ከእውነተኛው ፋይል ጋር አይስማማም።

ሦስተኛውና እኛ የምንመርጠው የ$ን ትርጕም ራሱን ማረም ነው። በፊሊፕ ሄዝል የተሠራው ፒሲአርኢ የተባለው የንድፍ ሞተር የመሥመር ማብቂያው አሻጋሪ፥ መላሽ፥ ጥንድ ወይም ማናቸውም እንዲሆን ለመምረጥ ያስችላል። በ2016 አንድሩ ጋላንት ያወጣው ሪፕግሬፕ ደግሞ በትእዛዝ የጥንዱን ልማድ ይቀበላል፤ ሞተሩም በ2023 ይህን በራሱ ውስጥ አስገብቷል። ደንቡ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ $ ከመላሽ በፊትም ከአሻጋሪ በፊትም ሊቆም ይችላል፥ ነገር ግን በጥንዱ መካከል ፈጽሞ አይቆምም፤ ነጥብም ከሁለቱ አንዱን አይቀበልም።

«በጥንዱ መካከል አይቆምም» የሚለው ለምን አስፈለገ? «^$» የሚለው ንድፍ፥ ማለት ተጀምሮ ወዲያው የሚያልቅ መሥመር፥ ባዶ መሥመርን መፈለጊያ ነው። ሞተሩ መላሽንም አሻጋሪንም ለየብቻቸው እንደ ማብቂያ ከቈጠረ በሁለቱ መካከል አንድ የሙት መሥመር ያያል። የጃቫስክሪፕት ንድፎች በብዙ መሥመር አሠራር እንዲህ ያደርጋሉ፤ ከዊንዶውስ በመጣ ጽሑፍ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ የሌለ ባዶ መሥመር ይቈጥራሉ። ግጥምን በስንኝና በአንጓ የሚቈጥር ተማሪ በዚህ ምን ዓይነት ውጤት ላይ እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ረገድ የሪፕግሬፕ አንድ ጠባይ ደስ ይለናል። ፈላጊው በንድፉ ውስጥ አሻጋሪን በግልጽ ቢጽፍ፥ መሣሪያው መሥመር በመሥመር ስለሚያነብ ሊገኝ የማይችል ነገር መሆኑን ያውቃልና «አይፈቀድም» ብሎ ይመልሰዋል። ዝም ቢል ኖሮ መልሱ ያው ሐሰተኛው «የለም» ይሆን ነበር።

እስከዚህ ያለው ለሁሉም ፊደል የጋራ ነው። የግእዝ ፊደል ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ ሊ 4618፥ ል 4621፥ ጊ 4874፥ ግ 4877 ቍጥር ደረሳቸው። በዩቲኤፍ 16 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ባይት ይጻፋል፤ ሊ 18 እና 10፥ ል 18 እና 13፥ ጊ 19 እና 10፥ ግ 19 እና 13 ይሆናሉ። አንባቢ እንዳስተዋለው 10 አሻጋሪ፥ 13 መላሽ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ባይት በባይት የሚያነብ መሣሪያ «ሊቅ» የሚለውን ቃል ከመካከሉ ቈርጦ ሁለት መሥመር ያደርገዋል፤ «ግልጽ» በሚለው ውስጥም ሁለት መላሽ ያያል። ነገሩ ከልማድ የራቀ አይደለም፤ በቀድሞው የዊንዶውስ ኖትፓድ «ዩኒኮድ» የሚለው የማስቀመጫ ምርጫ ይህንኑ ዩቲኤፍ 16ን ያመለክት ነበር፤ አማርኛም በዚያ መንገድ ሲቀመጥ ኖሯል። በዩቲኤፍ 8 ግን ሊ 225፥ 136 እና 138 ነው። በዚህ አጻጻፍ ከአንድ በላይ ባይት የሚወስድ ፊደል ባይቶቹ ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ 10 እና 13 በፊደል ውስጥ ሊደበቁ አይችሉም። ሪፕግሬፕ በፋይሉ ራስ ላይ የዩቲኤፍ 16 መለያ ሲያገኝ አስቀድሞ ወደ ዩቲኤፍ 8 ለውጦ ይፈልጋል፤ መለያው ከሌለ ግን አጻጻፉን ፈላጊው ራሱ በትእዛዝ ሊነግረው ይገባል።

ሌላው ጣጣ ከቀደሙት ጸሐፊዎቻችን ልማድ የመጣ ነው። በብራና ጽሑፍ ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ስለ ሆነ፥ ጸሐፊው ቦታ ሲያልቅበት ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ቈርጦ የቀረውን በሚቀጥለው መሥመር ይጽፋል፤ በሁለት ነጥብ የታተሙ የቈዩ መጻሕፍትም እንዲሁ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መሥመሩን ጠብቆ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠ ሰው «ኢትዮ» በአንድ መሥመር፥ «ጵያ» በሌላው ይኖረዋል። መሣሪያው ንድፉን ከማንበቡ በፊት መሥመሩን ስለሚቈርጥ «ኢትዮጵያ» ብሎ የፈለገው አያገኘውም፤ $ን ማረምም በዚህ ላይ አይረዳም። መሣሪያው ከመሥመር አልፎ እንዲያነብ ማዘዝና፥ በንድፉ ውስጥ በየፊደሉ መካከል «የመሥመር ማብቂያ ቢኖርም ባይኖርም» የሚል ማስገባት ያስፈልጋል። በፒሲአርኢ የግራ ስረዛና «አር» የተባለው ትልቁ የላቲን ፊደል ተጣምረው ጥንዱን እንደ አንድ ቈጥረው ማናቸውንም ማብቂያ ስለሚያመለክቱ ለዚህ ይመቻሉ። ንድፉ ሲጻፍ አስቀያሚ ነው፤ በትልቅ ስብስብ ላይም ፍለጋውን ያዘገያል። ስለዚህ አንዳንዶች ሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ መሥመሩን እንደ ብራናው የጠበቀ፥ ሁለተኛው መሥመሮቹ ተቀጥለው በአራት ነጥብ ብቻ የተከፈለ፤ ቃል የሚፈልጉት በሁለተኛው፥ ገጽና መሥመር የሚጠቅሱት ግን ከመጀመሪያው ነው።