ቤትን ለደብር ሰጥቶ እስከ ዕለተ ሞት መኖር፤ የአላባ መብት ምንነትና አፈጻጸሙ

ዕድሜያቸው የገፋ ምእመናን ወደ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት መጥተው «ቤቴን ለደብሩ መስጠት እፈልጋለሁ፤ እስክሞት ግን እዚያው ልኑር» ማለታቸው የተለመደ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ አጻጻፉ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ጸሐፊው በአንድ ገጽ ላይ «ከሞትሁ በኋላ ቤቴ የደብሩ ይሁን» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት ሽማግሎች ይፈርማሉ፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ወረቀቱም ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ሰጪዋ ባረፉ ጊዜ ወራሾች ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ያ ወረቀትም ስጦታም ኑዛዜም ሳይሆን ይቀራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከሞት በኋላ እንዲጸና የሚደረግ ስጦታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚገዛው በኑዛዜ ደንብ ነው። ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ራሱ በእጁ ካልጻፈው በቀር በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሊፈረም፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ሊገለጽ ይገባል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተጨማሪም ተናዛዡ በማንኛውም ቀን አሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ኑዛዜን ተስፋ አድርጎ የሕንፃ ዕቅድ የሚያወጣ ሰበካ ጉባኤ በሰው አሳብ ላይ ቤት እንደሚሠራ ይቆጠራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ሌላ መንገድ አለው፤ እርሱም የአላባ መብት ነው። ሰጪው የቤቱን ባለቤትነት ዛሬውኑ ለደብሩ ያስተላልፋል፤ በቤቱ የመኖርና በኪራዩ የመጠቀም መብትን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ለራሱ ያስቀራል። ለምእመናን ስናስረዳ ላሚቱ የደብሩ ሆናለች፣ ወተቱ ግን የእርስዎ ነው እንላለን። ባለ አላባው ወተቱን ይጠጣል፤ ላሚቱን ግን አርዶ አይበላትም፤ ማለትም ቤቱን አይሸጥም፣ አያፈርስም፣ ለዕዳ ማስያዣ አያደርግም። ደብሩም በበኩሉ ባለቤት ነኝ ብሎ ሰጪውን ሊያስወጣ፣ ግቢውን ሊቆርስ ወይም ቤቱን ለሌላ ሊያከራይ አይችልም። አላባው በባለ መብቱ ሞት በራሱ ይቋረጣል፤ ቤቱም ውርስ ውስጥ ሳይገባ በሙሉ መብት የደብሩ ይሆናል።

አጻጻፉ ጥንቃቄ ይሻል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ አደራረግ ካልተፈጸመ ዋጋ የለውም (ቁጥር 2443)፤ ባለቤትነትንም ሆነ አላባን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ዘንድ ሊመዘገብ ይገባዋል (ቁጥር 1723)። ከዚያም የባለቤትነቱ ዝውውርና አላባው በይዞታ መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ስጦታ ውል ስለሆነ ተቀባይም ያስፈልገዋል። ተቀባዩ ደብሩ ነው እንጂ አስተዳዳሪው ወይም ሊቀ መንበሩ አይደለም። ሕጉ አድባራትና ገዳማትን የሕግ ሰውነት ሰጥቷቸዋልና ስሙ በደብሩ ስም ይዙር። በግለሰብ ስም ለጊዜው የተቀመጠ ቤት የደብሩ ለመሆኑ ማስረጃ ማቅረብ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የደረሰባቸው ያውቁታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቤቱ የሰጪው መሆኑን ማየት ይገባል። ብዙ አረጋውያን አርባ ዓመት የኖሩበትን የቀበሌ ቤት «ቤቴ» ይላሉ፤ የተከራዩትን ቤት ግን መስጠት አይቻልም። የባንክ ዕዳው ያላለቀ የጋራ መኖሪያ ቤትም ከባንኩ ጋር ሳይነጋገሩ አይተላለፍም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሰጠው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። የገጠር ይዞታ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ እዚህ የምንለው አይበቃውምና የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሰጪው ባለ ትዳር ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ስጦታ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ቤት እንዲህ ከሆነው ሁሉ ይበልጣል። አላባውም የሁለቱ እንዲሆን፣ አንዱ ቢሞት ለሌላው እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲቀጥል በግልጽ ይጻፍ። በባል ስም ብቻ የተጻፈ አላባ በባል ሞት ያበቃልና ባልቴቲቱ በደብሩ መልካም ፈቃድ ብቻ የምትኖር ትሆናለች። አካል ጉዳተኛ ልጅ ወይም አስታማሚ የእህት ልጅ ካለችም እንዲሁ በስም ትጠቀስ። ጌታችን ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩትን እንደ ገሠጸ እናስተምራለንና፣ ደጅ የሚያስወድቅ ስጦታ ተቀብለን ማስተማሩ አይሆንልንም። ልጆች በፊርማው ዕለት ቢገኙ ሕግ ባያስገድድም እንመክራለን፤ ኋላ «እናታችን ሳታውቅ አስፈረሟት» የሚለውን ክስ ያቀልላል። ሰጪው የታመመ ከሆነ ሐኪም ስለ አእምሮው ጤንነት የሰጠው ወረቀት ይያያዝ። የንስሐ አባት ምስክር ባይሆኑ ይሻላል፤ ጥርጣሬን ያበዛል።

የዕለት ተዕለቱ ወጪ ላይ ጠብ የሚነሣው ከሌላው ሁሉ በላይ ነው። ተራው እድሳትና የየዓመቱ ግብር የባለ አላባው፣ የመሠረትና የጣሪያ ከባድ ጥገና የደብሩ ድርሻ እንዲሆን ተለይቶ ይጻፍ። ቤቱ ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት ቢፈርስ ካሣው ወይም ምትክ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን፣ ሰጪውም እስከ ዕለተ ሞቱ የት እንደሚኖሩ በውሉ ይካተት። በከተሞቻችን ይህ ሩቅ አይደለም። ሰጪው ለምግብና ለመድኃኒት ቢቸገሩ ስጦታ ተቀባይ የመርዳት ግዴታ እንዳለበትም ሕጉ ያዛል። እንግዲህ ቤት የሚቀበል ሰበካ ጉባኤ በበጀቱ ለሰጪው መጦሪያ የሚሆን መስመር ሊያኖር ይገባዋል፤ ይህን ለማድረግ አቅም ወይም ፈቃድ ከሌለው ስጦታውን ባይቀበል እንመርጣለን።

ከተመዘገበው ውል አንድ ዋና ቅጂ በሰጪው እጅ፣ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። የሰበካ ጉባኤ አባላት በምርጫ ሲቀያየሩም በርክክቡ መዝገብ ላይ «አላባ ያለበት ቤት» ተብሎ ከባለ መብቱ ስም ጋር ይስፈር፤ አዲሱ ጉባኤ የኪራይ ማስታወቂያ ሊለጥፍ ሲሄድ በሩን የሚከፍቱለት ሰጪዋ እንዳይሆኑ።