ከስድስት ወር በኋላ የታየው

ስፖርት መንፈስ ያነቃል ሲባል የኖረ ነገር ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ብሉመንታል ግን ከዚህ ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሡ፤ በሐኪም ተመርምሮ ድባቴ እንዳለበት የታወቀን ሰው ስፖርት ልክ እንደ መድኃኒት ሊያሽለው ይችላል?

ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 ታማሚዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ወሰደ። ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በባለሙያ እየተመራ፣ ለ30 ደቂቃ በፍጥነት ተራመደ ወይም ሶምሶማ ሮጠ። ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ሕክምናው 16 ሳምንት ቆየ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ሠርቷል። በ16ኛው ሳምንት ግን ስፖርት ብቻ ከሠሩት 60 በመቶ ያህሉ ከድባቴው ወጥተው ነበር፤ ሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ጥቂት ቢበልጡም ልዩነቱ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሕክምናው ካበቃ ስድስት ወር ሲሞላው ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆኑት ማይክል ባቢያክና ባልደረቦቻቸው ድነው የነበሩትን እንደገና መረመሩ። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 38 በመቶው በሽታው አገርሽቶባቸዋል። ስፖርት ብቻ ከሠሩት ግን 8 በመቶው ብቻ። ሁለቱንም ያደረጉትስ? 31 በመቶ! እነሱም እኮ ያንኑ ያህል ሮጠዋል፤ ታዲያ የሩጫው ጥቅም የት ገባ? ተመራማሪዎቹ አንድ ግምት ሰነዘሩ። ስፖርት ብቻ የሠራው ሰው «በራሴ ጥረት ዳንኩ» ይላል፤ ክኒን የጨመረው ደግሞ ምስጋናውን ለክኒኑ ይሰጣል። ግምት ነው፣ አልተረጋገጠም። እኔ ግን ችላ የሚባል አይመስለኝም፤ ድባቴ ከሰው ላይ ቀድሞ የሚነጥቀው «እችላለሁ» ማለትን ነውና።

ጥናቱ ክፍተት ነበረበት። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን የተሰጠው ቡድን አልነበረም። የፈወሳቸው ሩጫው ይሁን አብሮ መሮጡ፣ የሰው ወሬና ሳቅ፣ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሥራውን እንደገና ጀመሩ፤ ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። አሁን 202 ሰዎች ነበሩ። ከአራት ወር በኋላ መድኃኒት ከወሰዱት 47 በመቶ፣ በቡድን ከሠሩት 45፣ ቤታቸው ለብቻቸው ከሠሩት 40፣ ባዶ ክኒን ከዋጡት 31 በመቶ ዳኑ። የባዶው ክኒን ቁጥር ትንሽ አይደለም፤ ደስታችንን ቆጠብ እንድናደርግ ያስገድዳል። ለብቻቸው የሠሩት 40 በመቶ ግን ነገሩ ጓደኝነት ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ስለ ታማሚዎቹም መታወስ ያለበት አለ። ስፖርት ሊደርሳቸው እንደሚችል እያወቁ በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፤ ውጤቱ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ከአልጋ መውረድ ላቃተው ሰው 30 ደቂቃ ተራራ ነው፤ የጀመረውን መድኃኒትም ሐኪሙን ሳያማክር ማቋረጥ የለበትም።

ከእነዚህ 202 ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ተመረመሩ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ በዕጣ የደረሳቸው ሕክምና ማን እንደሚድን አልለየም። የለየው በዚያ ዓመት ውስጥ ስፖርቱን አዘውትሮ መሥራት ነበር፤ መድኃኒት በደረሳቸውም ዘንድ ጭምር።