የገጠሩ መዝገብ ከቢሮው መዝገብ ጋር ሲገናኝ፦ ለጀማሪ የሶፍትዌር ሠሪ የትኛው መሣሪያ ይበጃል?

አንድ አርሶ አደር ሁለት ኩንታል ዩሪያ እንደሚፈልግ ባለፈው ሳምንት ተመዝግቧል። መረጃው በቀበሌው የግብርና ባለሙያ ታብሌት ላይም፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይም አለ። ዛሬ አርሶ አደሩ ለገበያ ወደ ከተማ ወርዶ ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ይልና ሁለቱን ኩንታል ወደ ሦስት ያስለውጣል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለሙያው አርሶ አደሩ ቤት ደርሶ ከባለቤቱ አዲስ የስልክ ቁጥር ይቀበልና በታብሌቱ ላይ ያስተካክላል። በቀበሌው ኢንተርኔት ስለሌለ ቢሮ የተደረገውን ለውጥ አላየም። ማታ ታብሌቱ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሶፍትዌሩ «በኋላ የተጻፈው ይጽና» ብሎ የታብሌቱን መዝገብ እንዳለ ይገለብጣል። አዲሱ ስልክ ገባ፤ ሦስተኛው ኩንታል ግን ጠፋ። አርሶ አደሩ ይህን የሚያውቀው ማዳበሪያው በሚከፋፈልበት ቀን ነው።

ተለያይተው የቆዩ ሁለት መዝገቦችን እንዲህ የማገናኘት ሥራ ማመሳሰል ይባላል። ለሙያው አዲስ የሆነ ወጣት መረጃውን ከታብሌት ወደ ኮምፒውተር ማሻገሩ ዋናው ፈተና ይመስለዋል። ማሻገሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን እንደሚደረግ መወሰኑ ነው።

ችግሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው «ፓይለት» የተባለ የእጅ ኮምፒውተር፣ ኋላ ላይ ፓልም ፓይለት በሚል ስም የታወቀው፣ ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ በተያያዘ ማስቀመጫ ላይ ተደርጎ አንድ ቁልፍ ሲጫን መዝገቡን ያመሳስል ነበር። የመጀመሪያው ሞዴል የማስታወስ አቅም 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሠራሩም ከአቅሙ ጋር የተመጣጠነ ነበር። የተለወጠ መዝገብ ሁሉ ምልክት ይደረግበታል፤ ሲመሳሰል ምልክት ያለበት ብቻ ይታያል። አንድ መዝገብ በሁለቱም ወገን ተለውጦ ከተገኘ መሣሪያው ሁለቱንም አስቀርቶ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተውለታል። ድግግሞሹ አሰልቺ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚጠፋ ነገር ግን አልነበረም።

ጀማሪው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት በመሣሪያ ምርጫው ላይ ይታያል። ለመረጃ ማስቀመጫ ኤስኪውላይት በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈጠረው ይህ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ የራሱ አገልጋይ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ መዝገቡ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥም አስቀድሞ አለ። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይበቃል፤ የኤስኪውላይትን ፋይል ማንበቢያው አብሮት ይመጣል። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው መረጃ ሰው ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ቢሆን ይመረጣል፤ ስህተት ሲፈጠር ምን እንደተላከ በዓይን ማየት ይቻላልና። መንገዱ ኬብልም ሆነ የቢሮው ዋይፋይ ለውጥ አያመጣም። ብዙ ወጣቶች ግን ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸውን የተወሳሰቡ ሥርዓቶች በመማር ወራት ያባክናሉ፤ ለአንድ ወረዳ መዝገብ ይህ በሬ ለማረድ ሠራዊት እንደመጥራት ነው።

ቀላል መሣሪያ መምረጥ የሚጠቅመው ጊዜና ሐሳብ ለከባዱ ክፍል እንዲተርፍ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የመለያ ቁጥር ነው። ሁለት ታብሌቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ጀምረው ቢቆጥሩ፣ የሁለቱ ቀበሌዎች ሰባተኛ አርሶ አደሮች ቢሮ ሲደርሱ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ከቁጥሩ በፊት የታብሌቱን መለያ ማስቀደም፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያወጣውን ረጅምና የማይደገም መለያ መጠቀም ይህን ይፈታል።

ስም ግን መለያ ሊሆን አይገባም። በአማርኛ አንድ ድምፅ በተለያዩ ፊደላት ይጻፋል፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ፀሐይ እና ጸሐይም እንዲሁ። በፍለጋ ጊዜ ብቻ ፊደላቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ የተመዘገበውን ስም ግን መለወጥ አይገባም፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ነውና።

ጊዜም ሌላ ወጥመድ አለው። አብዛኞቹ የፕሮግራም መሣሪያዎች ዓመት 12 ወር ብቻ አለው ብለው ስለሚነሡ ጳጉሜን 3 ቀን የሚል መረጃ ሲገባላቸው አይቀበሉም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለውም ለእነርሱ 8 ሰዓት ነው። መፍትሔው በመዝገቡ ውስጥ ጊዜውን በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ነው። ይህም ሆኖ ባትሪው አልቆ የተነሣ ታብሌት ሰዓቱ ሊዛባ ስለሚችል፣ «በኋላ የተጻፈው ይጽና» የሚለው ሕግ ብቻውን አይታመንም። የሦስተኛው ኩንታል ዕጣ ይህን ያሳያል፤ እዚያ ሰዓቱ ትክክል ነበር፣ ጥፋቱ መዝገቡ እንዳለ መገልበጡ ነው። ሶፍትዌሩ ባለፈው ጊዜ የተስማሙበትን ቅጂ ይዞ እያንዳንዱን መስክ ለየብቻ ቢያስተያይ ኖሮ፣ ስልኩን ከታብሌቱ፣ ኩንታሉን ከቢሮው ይወስድ ነበር። አንዱ መስክ በሁለቱም ወገን ከተለወጠ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ለባለሙያው ማሳየት ነው።

መብራት ወይም መስመር በመካከል ሲቋረጥ የሚፈጠረውም ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ለዚህ ከገበያው ደረሰኝ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቢሮው ለእያንዳንዱ መዝገብ መቀበሉን እስኪያረጋግጥ ድረስ ታብሌቱ «ተልኳል» ብሎ ምልክት ማድረግ የለበትም። ማረጋገጫው በመንገድ ከቀረ ያው መዝገብ ዳግም ይላካል፤ የማይደገም መለያ ስላለው ሁለት ሰው አይሆንም። የተሰረዘ መዝገብም ከነጭራሹ መጥፋት የለበትም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ካልተደረገበት በሌላ ታብሌት ላይ የቀረው ቅጂ ተመልሶ ያስገባዋል።

ሥራው መረጃ ሰብስቦ ወደ ቢሮ መላክ ብቻ ከሆነ አዲስ ሶፍትዌር መጻፍም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬ ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባል፤ መስመር ሲገኝ ይልካል፤ ነፃም ነው። በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም ኮምኬር በተባለ ዝግጁ ሶፍትዌር ላይ የተገነባ ነው። የራስን መጻፍ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ወገን ያንኑ መዝገብ የሚለውጥ ሲሆንና ዝግጁው ለአካባቢው አሠራር የማይመች ሲሆን ነው።

ሶፍትዌሩ ወደ ቀበሌ ከመውጣቱ በፊት መፈተኛው ውድ አይደለም፤ ሁለት ያገለገሉ ስልኮች ይበቃሉ። የሁለቱንም መስመር ዘግቶ አንዱን መዝገብ በሁለቱም ላይ በተለያየ መንገድ መለወጥ፣ የአንዱን ሰዓት በአንድ ቀን ወደ ኋላ መመለስ፣ ከዚያ ማገናኘት፣ በመካከልም ኬብሉን መንቀል። ቀጥሎ መስመሩ ሲመለስ በመዝገቡ ላይ ስንት ኩንታል እንደቀረ ማየት ነው።