ያላቻ ጋብቻ በሠርግ ዳስ፦ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየርና ስፒከር ሲገዙ ሒሳቡን ያውቁታል?

ቀወት ሲባል ለነጋዴ ጆሮ ቶሎ የሚደርሰው የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የማሾ ወሬ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እንደገናም ከፋሲካ በኋላ ግን በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ሌላ ገበያ ይደራል፤ የሠርግ ገበያ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው የዓመቱን ገቢ የሚጠብቀው ከእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው።

በአገራችን ገበያ ትልልቁን ድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» ማለት የተለመደ ነው። ስሙ የአንድ የጣሊያን አምራች ስም ሆኖ ሳለ የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ኪቦርድና ዘፋኝ ብቻ ከሆነ አንድ ጥንድ ሞንታርቦ ሊበቃ ይችላል። ሙሉ ባንድ ከነቤዝ ጊታሩ ሲጠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዋልያስ ባንዱ መላኬ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ሲጫወቱ የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዝ ነው። ቤዝ ከሌለ እስክስታውም ልብ አይሞላም።

እስቲ እንበል። አንድ ባለሀብት መርካቶ ወርዶ «1000 ዋት» የተጻፈበት የስፒከር ሳጥን በርካሽ ይገዛል፤ ከሌላ ሱቅ ደግሞ ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ይጨምራል። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ተሰናብቷል። ዕቃው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በመጀመሪያው ሠርግ፣ ሙሽሮቹ በገቡ በሰዓቱ ስፒከሩ ተቃጥሎ ዝም ይላል። የኪራዩ ገንዘብ ይመለሳል፤ ዕቃውም ለጥገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገቱን ተመልሶ ይወጣል፤ የወቅቱ ቀሪ ሠርጎችም ለተፎካካሪ ያልፋሉ። ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የስፒከሩ ብቻ አይደለም። ያላቻ ጋብቻ ነው።

ዋት ሁሉ ዋት አይደለም

በሳጥኑ ጀርባ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል ገዢ መያዝ ያለበት «አር ኤም ኤስ» ወይም ተከታታይ ዋት የተባለውን ነው። ስፒከሩ ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ኃይል ይህ ነው። «ፒክ» የሚለው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስ ሲሆን በተለመደው አቆጣጠር የአር ኤም ኤሱ 4 እጥፍ ነው። ስለዚህ «1000 ዋት ፒክ» የተባለው ሳጥን እውነተኛ አቅሙ 250 ዋት ሊሆን ይችላል። ኩንታሉን ከነጆንያው መግዛትና የተጣራውን መግዛት እንደሚለያይ ሁሉ ይህም ይለያያል።

ቤዝ ደግሞ ብዙ ዋት በላተኛ ነው። ወፍራሙ የቤዝ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። ይህን ወፍራም ድምፅ ለማውጣት የስፒከሩ ወረቀት ብዙ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለበት፤ የሰው ጆሮም ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ነው። ለዚህ ነው አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው «ኤስ ቪ ቲ» አምፕሊፋየር 300 ዋት ይዞ ገበያ የገባው። ያን ጊዜ ይህ እጅግ ብዙ ነበር።

ኦም፦ የቦዩ ስፋት

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው። የቀወት የመስኖ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አምፕሊፋየሩ የውኃ ሞተር ነው ብንል፣ ኦም የቦዩን ጥበት ይነግረናል። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ቦዩ ይሰፋል፤ ሞተሩም ብዙ ይገፋል፤ ከልክ በላይ ከሰፋ ግን ሞተሩ ይግላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አምፕሊፋየር በ8 ኦም 300 ዋት፣ በ4 ኦም 500 ዋት ይሰጣል፤ ከ4 ኦም በታች አይፈቀድም እንበል። እያንዳንዳቸው 8 ኦምና 300 ዋት አር ኤም ኤስ የሆኑ ሳጥኖች አሉን።

አንድ ሳጥን ሲሰካ 300 ዋት ያገኛል፤ ልኩ ነው። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ሲሰካ ጠቅላላው 4 ኦም ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ 500 ዋት ይሰጥና ለእያንዳንዱ 250 ይደርሰዋል፤ ይህም መልካም ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ግን ጠቅላላው ወደ 2.7 ኦም ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ መከላከያ ካለው ራሱን ያጠፋል፤ ከሌለው ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። «ሳጥን በበዛ ቁጥር ድምፅ ይበዛል» የሚለው አባባል እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። በአምፖል የሚሠሩት አሮጌዎቹ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ስፒከር ሳይሰካባቸው ከተጫወቱ የውስጥ ትራንስፎርመራቸው ሊበላሽ ይችላል።

ጌይን ኃይል አይደለም

ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ጌይን የተባለው ቁልፍ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል መግቢያው ላይ የሚያሳድግ እንጂ የዋት መለኪያ አይደለም። ቁልፉ ግማሽ ላይ ነው ማለት ግማሽ ኃይል ወጣ ማለት አይደለም። ባትሪ ያለው ጊታር ከሆነ ሲግናሉ ጠንካራ ስለሆነ፣ ቁልፉ ብዙም ሳይዞር አምፕሊፋየሩ ጣሪያው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ጣሪያው ላይ ሲደርስ የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። ባለሙያዎች «ክሊፕ» ይሉታል። አናቱ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሞገድ ከንጹሑ ሞገድ እስከ 2 እጥፍ ኃይል ይይዛል። 300 ዋት የተባለው አምፕሊፋየር ወደ 600 ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። «ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል» ሲባል የሚሰማው ከዚህ የመጣ ነው። የሚያቃጥለው ትንሽነቱ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ መገፋቱ ነው። የቤዝ ድምፅ ማስተካከያውን በ10 ዴሲቤል መጨመርም ለእነዚያ ድምፆች 10 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ማስተር ቮልዩሙን ይዝጉ፤ ተጫዋቹ በኃይል ይምታ፤ የክሊፑ መብራት ብልጭ እስኪል ጌይኑን ይክፈቱና ትንሽ ይመልሱ። ከዚያ ድምፁን በማስተሩ ብቻ ይወስኑ። ለኪራይ የሚሆን ዕቃ ግን ቁልፉን ማን እንደሚነካው ስለማይታወቅ፣ የሳጥኖቹ ጠቅላላ አቅም ከአምፕሊፋየሩ ከፍ ቢል ይመረጣል። ለ500 ዋት አምፕሊፋየር ከ600 እስከ 800 ዋት የሚሸከም ሳጥን ማለት ነው።

የሚያተርፈው ቁጥር

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት፣ ትርፍ ያለበት ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ስፒከሩ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣውን ድምፅ በዴሲቤል ይገልጻል። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለሆነም 100 ዴሲቤል የተጻፈበት ሳጥን በ300 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 94 ዴሲቤል የተጻፈበት ለመስጠት 1200 ዋት ይፈልጋል። ርካሹ ሳጥን ውድ አምፕሊፋየር ያስገዛል ማለት ነው። ገንዘብ ካለ ደግሞ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ ከማሳደግ ሁለተኛ ሳጥን መጨመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ግድግዳ በሌለበት ዳስ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ የሚሸፈነው ሜዳ ሰፊ ነው።

የቆላውን ሙቀትም ማስላት ይገባል። የስፒከሩ የመዳብ ጥቅልል በ100 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ሲግል የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 40 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ድምፁም ይደክማል። ሰውየው ደግሞ ቁልፉን ይጨምራል! አምፕሊፋየሩን ጥላ ውስጥ፣ ማናፈሻው ሳይሸፈን ማስቀመጥ ወጪ የሌለው መድኅን ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

መለኪያ ይዘው ይሂዱ። ጤነኛ የ8 ኦም ሳጥን በመልቲሜትር ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 6.5፣ የ4 ኦሙ ከ3 እስከ 3.5 ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጥቅልሉ ተበጥሷል ወይም ሽቦው ተላቋል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ወረቀቱን በጣቶችዎ በእኩል ቀስ ብለው ይግፉ፤ የሚፋቅ ድምፅ ከሰሙ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለው ዋጋ አይጠይቁ። አምፕሊፋየርን ከስፒከር የሚያገናኘው ገመድም የጊታሩ ቀጭን ገመድ መሆን የለበትም፤ መሰኪያቸው ቢመሳሰልም የውስጥ ሽቦው ይህን ኃይል አይችልም።

ደላሎችም ቢሆኑ ከዚህ ይጠቀማሉ። ገዢ «ስንት ዋት ነው?» ሲል «በስንት ኦም?» ብሎ የሚመልስ ደላላ በሚቀጥለው ጥር ደንበኛው ተመልሶ የሚፈልገው እሱን ነው። ሽማግሌ የሙሽሪትንና የሙሽራውን ቤት መዝኖ ጋብቻ እንደሚያቆም፣ የድምፅ ዕቃ ነጋዴም ከዋጋው አስቀድሞ ሁለቱን ቁጥሮች መመዘን አለበት።